አይጦቹ ተራምደዋል፣ ወንድሜስ? ስለ ህብለ ሰረሰር ጉዳትና ስለ ጂን ሕክምና

ታናሽ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ወንድሜ በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ከተጎዳ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሲ6፣ ቢ» ተብሎ ተጽፎለታል። ሲ6 የአንገት ስድስተኛው ደረጃ ነው፣ ቢ ደግሞ ከጉዳቱ በታች ስሜት አለ፣ እንቅስቃሴ ግን የለም ማለት ነው ብለውናል። ትከሻውን ያንቀሳቅሳል። ክርኑን ያጥፋል፣ መዘርጋት ግን ያቅተዋል። የእጁን አንጓ ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። ጣቶቹ አይታዘዙለትም። ከደረቱ በታች ሲነኩት በከፊል ይሰማዋል፣ ማንቀሳቀስ ግን አይችልም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዳችን ቪዲዮ ላከልን። ህብለ ሰረሰሯ የተጎዳ አይጥ የጂን ሕክምና ተሰጥቷት ስትራመድ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ነው። በኋላ ትነሳለች። ወንድሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ሌሊት ልገለብጠው ስነሳ የስልኩ መብራት ፊቱ ላይ ነው። ስልኩን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ በትንሹ ጣቱ ጎን እየነካካ ያንኑ ቪዲዮ ይደጋግማል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ነገሩ እውነት ነው ወይ? ለሰው ደርሷል ወይ? ሌላው ደግሞ፣ አንድ ክሊኒክ «የጂንና የስቴም ሴል ሕክምና አንድ ላይ እንሰጣለን፣ ቦታው ስለሚሞላ ቶሎ ክፈሉ» ብሎ ጽፎልናል። ምን እንበለው?

ሴልና ጂን፦

እህቴ፣ ወንድምሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። እኔ የምውለው ላብራቶሪ ውስጥ ከነርቭ ሴሎች ጋር ነው። ሐኪም አይደለሁም። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። የአይጦቹ ነገር እውነት ነው። ለሰው ግን አልደረሰም። ለህብለ ሰረሰር ጉዳት የጸደቀ የጂን ሕክምና እስካሁን የለም። ለክሊኒኩ ምንም አትክፈሉ። ወደሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ረጅሙን። ወንድምሽ ሌሊት የሚያየውን ነገር አውቆ እንዲያየው እፈልጋለሁ።

ነርቭ ሴል ረጅም ጭራ አለው፣ አክሰን እንለዋለን። ጣት የሚያንቀሳቅስ ትእዛዝ ከአንጎል ተነስቶ በዚህ ጭራ ውስጥ ነው ወደ አንገት የሚወርደው። አደጋ ሲደርስ ከአንጎል የሚነሱት ሴሎች አብዛኞቹ አይሞቱም። የሚበጠሰው ጭራቸው ነው። ሴሉ እዚያው አንጎል ውስጥ ቁጭ ብሎ ትእዛዝ ለመስጠት ዝግጁ ነው። መንገዱ ግን ተቆርጧል።

እጃችንና እግራችን ውስጥ ያለ ነርቭ ሲቆረጥ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እያለ ተመልሶ ያድጋል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው ግን አያድግም። ስፔናዊው ሳይንቲስት ራሞን ኢ ካሃል ይህን እ.ኤ.አ. በ1928 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) እንደ ማይሻር ፍርድ ጽፎት ነበር። ፍርዱን መለወጥ ከተቻለም የሚለውጠው የመጪው ዘመን ሳይንስ ነው አለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ከዚያ በ1981 ሞንትሪያል ላይ አልበርት አጉዋዮና ባልደረባው አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። ከአይጥ እግር የነርቭ ቁራጭ ወስደው ህብለ ሰረሰር ላይ እንደ ድልድይ ተከሉት። አያድጉም የተባሉት ክሮች፣ ማለትም አክሰኖቹ፣ በድልድዩ ውስጥ አደጉ። ለእኔ ትልቁ ዜና ይህ ነው። ሴሉ ማደግ አልረሳም ማለት ነው። አላሳድግ ያለው አካባቢው ነው።

አካባቢው ለምን እንደሚከለክል ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀ። ዙሪክ ላይ ማርቲን ሽዋብ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ቅባታማ ልባስ ውስጥ «አትደግ» የሚል ፕሮቲን አገኘ። ስሙ ኖጎ ነው። ጉዳቱ ቦታ ላይ የሚፈጠረው ጠባሳም በስኳር ሰንሰለት የተሞላ ነው፣ ክሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሦስተኛው ችግር ያለው ከራሱ ከሴሉ ውስጥ ነው። አዋቂ ሰው ላይ የእድገት ፕሮግራሙ ተዘግቷል። ፒቴን የሚባል ጂን እንደ ፍሬን ይዞታል። በ2010 የቦስተንና የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ይህን ጂን ገና በተወለዱ አይጦች ላይ ሲያጠፉት፣ በኋላ ጉዳት ሲደርስባቸው ከአንጎል የሚወርዱት ክሮች ጉዳቱን አልፈው አደጉ።

የጂን ሕክምና የሚባለው እንግዲህ ይህን ሁሉ ከውስጥ የመለወጥ ሙከራ ነው። መድኃኒቱን ራሱን አትሰጪም። መድኃኒቱን ለሴሉ የሚያሠራ መመሪያ ነው የምትሰጪው። የሚያደርሰው ኤኤቪ የሚባል በሽታ የማያመጣ ትንሽ ቫይረስ ነው። የራሱ ጂኖች ወጥተው የእኛ ይገቡበታል። የሚሸከመው ወደ 4,700 የጂን ፊደል ብቻ ስለሆነ ትልልቅ ጂኖች አይገቡበትም። እኛ ጋ ግማሹ ልፋት ጂኑን ማሳጠር ነው።

ያያችሁት ቪዲዮ ከሁለቱ አንዱ ይመስለኛል። በ2021 ጀርመን ቦሁም ላይ የዲትማር ፊሸር ቡድን ሃይፐር ኢንተርሉኪን 6 የሚባል ፕሮቲን የሚያሠራ ቫይረስ አንድ ጊዜ ብቻ አይጦች አንጎል ውስጥ ሰጠ። እግራቸው የማይንቀሳቀስ አይጦች ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ መራመድ ጀመሩ። የሚገርመው፣ ቫይረሱን የተቀበሉት ሴሎች ፕሮቲኑን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። እነሱ ራቅ ብለው ለሚነኳቸው የአንጎል ግንድ ሴሎችም አቀበሉት። ለመራመዱ ወሳኝ የሆኑትም እነዚያ ናቸው።

ሁለተኛው በ2023 ከሎዛን የወጣው ነው፣ የግሬጓር ኩርቲንና የባልደረቦቹ ሥራ። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ያዙልኝ። መጀመሪያ ክሮቹን ጉዳቱን አሻግረው አሳደጓቸው። አደጉ፣ ተሻገሩ። አይጦቹ ግን አልተራመዱም። ከዚያ እነዚያኑ ክሮች ድሮ ይደርሱበት ወደነበረው ቦታ፣ ወደ ወገብ ክፍል የሚጠራ ኬሚካል አከሉ። ያኔ አይጦቹ ተራመዱ። ማደግ ብቻውን አልጠቀመም። የሚጠቅመው የራሱን አድራሻ ሲያገኝ ነው።

ዘጠኝ ዓመት በዊልቸር፦

ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። እኔ ግን ልናገር።

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አንገቴ ላይ ነው የተጎዳሁት። በመጀመሪያው ዓመት «አምስት ዓመት ብቻ ታገስ» አሉኝ። በአምስተኛው ዓመት ደግሞ ሌላ አይጥ ተራመደች፣ «አምስት ዓመት» ተባለ። ሳይንቲስቶቹን አልጠላም። እንዲያውም እወዳቸዋለሁ። የሚያደክመኝ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «መቼ ትራመዳለህ?» የሚለው ነው።

እኔ መራመድ አይደለም የምመኘው። እጄን ነው የምፈልገው። ሽንቴን ራሴ መቆጣጠር ነው የምፈልገው። ሌሊት ካቴተሩ፣ የሽንት ቱቦዬ፣ ተጣጥፎ ሽንት ሲዘጋ ደም ግፊቴ ይተኮሳል። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ይደርሳል፣ ላብ ከአንገቴ በላይ ብቻ ይወርዳል። ከደረት መሃል በላይ የተጎዳን ሰዎች እንዲህ ያደርገናል፣ ካልደረሱልን ይገድላል። ያን ሌሊት ሰው መጥቶ ቱቦውን እስኪያቃናልኝ የማስበው ስለ መራመድ አይደለም።

ይህ የኔ ብቻ አይደለም። በ2004 ኪም አንደርሰን የምትባል ተመራማሪ፣ ራሷም የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባት፣ 681 ሰው ጠይቃ ነበር። አንገታቸው ላይ የተጎዱት አብላጫ ድምፅ የሰጡት ለእጅና ለክንድ ነው። ከዚያ በታች የተጎዱት ያስቀደሙት ደግሞ የወሲብ ሕይወታቸውን ነው። መራመድ ለሁለቱም አንደኛ አልነበረም። እህቴ፣ ወንድምሽን ጠይቂው። ቪዲዮውን የሚያየው ለእግሩ ነው ወይስ ለጣቱ?

ታናሽ እህት፦

ጠየቅኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ከራት በኋላ «ለጣቴ ነው» አለኝ። «ፊቴን ራሴ ልጠብ እፈልጋለሁ» አለ። ዓመት ሙሉ አጥቤዋለሁ፣ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ሴልና ጂን፦

ዘጠኝ ዓመት፣ ወንድሜ፣ የጻፍከው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህ። ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለሆነ ነው። ከአንገት እስከ ወገብ ክር ማሳደግ በሰው ላይ ረጅም መንገድ ነው። የሰው ህብለ ሰረሰር ራሱ 45 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። ሲ6 ላይ ለተጎዳ ሰው ግን ጣቶቹን የሚያዙት ሴሎች ያሉት ከጉዳቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ከርቀት አንጻር እጅ ከእግር ይቀርባል። የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ቡድንም በ2018 ያተኮረው እጅ ላይ ነው። ጠባሳውን የሚያሟሟ ኢንዛይም የሚያሠራ ጂን አይጦች አንገት ላይ ሰጡ። አይጦቹ ምግብ በእጃቸው ዘርግተው መያዝ ቻሉ። ዘርግቶ መጨበጥ ማለት ጥቃቅን ጡንቻዎች ተስማምተው ሲሠሩ ነው፣ ከመራመድ የሚከብድበት ጊዜ አለ።

እዚያ ሙከራ ላይ ጂኑ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረው። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን የታወቀ አንቲባዮቲክ ሲሰጡ ጂኑ ይበራል፣ ሲያቆሙ ይጠፋል። ለምን አስፈለገ ብትል፣ ጂን አንዴ ከገባ አይወጣም። እንደ ክኒን «ዛሬ ይቅርብኝ» አይባልም። ችግሩ ማብሪያው ሙሉ በሙሉ አልጠፋላቸውም፣ ትንሽ እያፈሰሰ ቀረ። ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ይህ መስተካከል አለበት።

እድገት ሲበዛም ጥፋት ነው። ጂዲኤንኤፍ የሚባል ለነርቭ እንደ ማዳበሪያ የሆነ ፕሮቲን አለ። በብዛት አንድ ቦታ ላይ ሲመረት ክሮቹ እዚያው ይጠመጠማሉ፣ ወደ ጡንቻው አይቀጥሉም። ማር ያገኘ ንብ በሉት። የህመም ክሮች ያለ ቦታቸው ሲያድጉ ደግሞ የማያቋርጥ ህመም ይመጣል። ዘጠኝ ዓመት የጻፈው ዓይነት የደም ግፊት መተኮስም ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሳይንቲስት «ክሮቹ አደጉ» ሲል፣ ወዴት ብላችሁ ጠይቁት።

ጠያቂው፦

ይቅርታ ላቋርጥ። ኤኤቪ በሰው ላይ ተሞክሮ ያውቃል? ወይስ ይህም አይጥ ላይ ብቻ ነው?

ሴልና ጂን፦

በደንብ ተሞክሯል። ከ2019 ጀምሮ ኤስኤምኤ ለሚባል በሽታ ሕፃናት ይታከሙበታል። አንድ ጂን የጎደላቸው ሕፃናት ናቸው፣ የህብለ ሰረሰር ሴሎቻቸው ይሞታሉ። ዞልጀንስማ የሚባለው መድኃኒት ያንን ጂን በኤኤቪ ያደርሳል። ድሮ ሳይቀመጡ የሚሞቱ ልጆች ዛሬ የሚቀመጡ አሉ፣ የሚሄዱም አሉ። ስለዚህ ጂን ህብለ ሰረሰር ውስጥ ማድረስ ሕልም አይደለም።

ግን ልዩነቱን እዩት። እነሱ ጋ አንድ የጎደለ ጂን ነው የሚተካው። ወንድማችን ላይ የጎደለ ጂን የለም። የተበጠሰ መንገድ ነው ያለው። አንድ ጂን ሳይሆን ብዙ ነገር በየተራው መሆን አለበት።

ሌላም አለ። ብዙ አዋቂ ሰው ኤኤቪን በተፈጥሮ አግኝቶት ያውቃል፣ በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል አለው። ያ ቫይረሱን ገና ሳይደርስ ይገድለዋል። አንዴ ከተሰጠ በኋላም ሰውነት ስለሚያውቀው ሁለተኛ ዙር መስጠት ይከብዳል። አንድ ዕድል ነው ያለው። ከዚህ የተነሳ ነው «እንሞክረው እስቲ» የማይባለው።

በጣም አስፈላጊውን ልረሳው ነበር። ከምናያቸው ሥራዎች በአንዳንዶቹ ጂኑ የተሰጠው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ነው። በሌሎቹ እዚያው ቀን። አይጥ ላይ ይቻላል። ሰው ግን አደጋ እንደሚደርስበት አስቀድሞ አያውቅም። ጉዳቱ ከደረሰ ዓመት ለሆነው ሰው ሌላ ጥያቄ ነው። በ2015 አይጦች ላይ ጉዳቱ ከደረሰ ከዓመት በኋላ ፒቴንን አጥፍተው ክሮች እንደሚያድጉ አሳይተዋል። ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ ነው። ማደግ ግን መሥራት እንዳልሆነ አይተናል።

ኖጎን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ደግሞ በሰው ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2024 መጨረሻ ወጣ። ጂን አይደለም፣ መርፌ ነው። አንገታቸው ላይ ከተጎዱ ከ4 እስከ 28 ቀን የሆናቸው 126 ሰዎች ገቡ። በጠቅላላው ሲታይ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ መርፌ ጋር የረባ ልዩነት አልታየም። ጉዳታቸው ሙሉ ያልሆነ ሰዎች ላይ ግን የመሻሻል ምልክት ነበር። ከ1988 ጀምሮ የተለፋበት ሥራ ነው። ውጤቱን ሳነብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

የልጅ እናት፦

ልጆቼ፣ ስለ ክሊኒኩ እኔ ልናገር።

የኔም ልጅ ወገቡ ላይ ነው የተጎዳው። በስድስተኛው ወር አንድ ቦታ ወሰድነው። ስሙን አልጠራም። ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ፈገግ የሚሉ ሰዎች ነበሩ። «የራሱ ሴል ነው፣ አይጎዳውም» አሉን። ወገቡ ላይ ወጉት። ምን እንደወጉት የሚገልጽ አንድ ወረቀት ስጡን ብል የሰጡኝ የክፍያ ደረሰኝ ነው። ከወር በኋላ ትልቁ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። አለቀስኩ፣ ለሰው ሁሉ ደወልኩ። በኋላ የድሮ ሐኪሙ አየውና «እማማ፣ ይህማ እነሱ ጋ ሳይሄድም ጀምሮ ነበር» ብሎ የራሱን መዝገብ አሳየኝ። ከመሄዳችን ከሁለት ሳምንት በፊት ጽፎታል። እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት።

ከዚያ እውነተኛ የምርምር ሙከራ ተገኘለት። ሲጠይቁት «ከዚህ በፊት ሴል ወስደሃል?» አሉት። ወስጃለሁ አለ። አልተቀበሉትም። ያ ቀን ከአደጋው ቀን አይተናነስም።

ሴልና ጂን፦

እማማ፣ ስለነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። የነገሩን ነገር ሳይንሱም የሚለው ነው። ከተጎዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ብዙ ሰው በራሱ ትንሽ ይሻሻላል። ለዚህ ነው ሕክምናውን ያላገኙ ሰዎች ጎን ለጎን የሚታዩት። ያ ከሌለ ማንም ሰው ያንን መሻሻል የራሱ ሥራ አድርጎ መሸጥ ይችላል።

አደጋውም የገንዘብ ብቻ አይደለም። በ2014 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ አለ። አንዲት ወጣት ከአፍንጫዋ የተወሰደ ሴል ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ ተተከለላት። ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርባዋን አመማት። ሲከፍቷት ንፍጥ የሚያመነጭ እብጠት ነበር። ሴሉ የሚያውቀውን ሥራ ነው የሠራው፣ ቦታው ነው ያልሆነው።

ታናሽ እህት፣ ለክሊኒኩ ሁለት መስመር ጻፊለት። የትኛውን ጂን፣ በየትኛው ቫይረስ፣ የት ቦታ ነው የምትሰጡት? ሙከራው የተመዘገበበት ቁጥር ስንት ነው፣ የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴስ የት ነው ያለው? እውነተኛ ሙከራ እነዚህን መልሶች ሳትጠይቂው ነው የሚሰጥሽ። ለሙከራ መድኃኒቱም በአብዛኛው በሽተኛውን ገንዘብ አያስከፍልም።

ፊዚዮ ባለሙያ፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው ሳነብ ነበር። የምጽፈው ስለ ጂን አይደለም። አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነው። ታናሽ እህት፣ የወንድምሽን ጣቶች ታፍታችያለሽ? እንዴት አድርገሽ?

ታናሽ እህት፦

አዎ፣ ጠዋትና ማታ። መዳፉን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ጣቶቹን ሙሉ ለሙሉ ዘርግቼ፣ አንጓውን ወደ ላይ ቀና አድርጌ በደንብ እጫነዋለሁ። እንዳይጨመደዱ ብዬ ነው። አንድም ቀን አላቋረጥኩም።

ፊዚዮ ባለሙያ፦

እንዳላቋረጥሽ ገብቶኛል። ለዚህም ነው የጻፍኩት። እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያ ማድረጉን አቁሚ። ጥፋትሽ አይደለም፣ ማንም ስላልነገረሽ ነው።

ወንድምሽ አንጓውን ወደ ላይ ማንሳት ይችላል ብለሻል። ያ ትልቅ ሀብት ነው። አሁኑኑ ሞክሩት። ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አስደግፊው፣ አንጓው ከጠርዙ ይውረድ። ጣቶቹ ይከፈታሉ። አሁን አንጓውን ወደ ላይ ያንሳ። ጣቶቹ ማንም ሳያዛቸው ወደ መዳፉ ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣቱም ወደ ሌባ ጣቱ ጎን ይጠጋል። ጡንቻ አይደለም የሚያጥፋቸው። ጅማቱ በአንጓው ላይ ሲወጠር ይስባቸዋል። እኛ ቴኖዴሲስ እንለዋለን። በዚህ ብቻ ማንኪያ የሚይዙ፣ ፊታቸውን በፎጣ የሚያብሱ ብዙ ሰዎች አሉ።

አንጓውንም ጣቶቹንም አንድ ላይ ስትዘረጊ ያ ጅማት ይረዝማል። ረዝሞ ከላላ መሳቡን ያቆማል። ስለዚህ ጣት ሲዘረጋ አንጓ ይታጠፍ። አንጓ ወደ ላይ ሲነሳ ጣት ይታጠፍ። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲሻገርም በተዘረጋ መዳፉ አይደገፍ። ጣቶቹ ተጨብጠው ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ዓመት ከሁለት ወሩ ነው ብለሻል። የነርቭ ዝውውር የሚባል ቀዶ ሕክምና አለ፣ ዛሬም የሚሠራ። ከጉዳቱ በላይ ያለ፣ ወንድምሽ የሚያዘው ጤነኛ ነርቭ አንድ ቅርንጫፍ ይወሰዳል። ጣት ከሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ጋር ይሰፋል። ክርን የሚያጥፉ ጡንቻዎች ከአንድ በላይ ስለሆኑ ከአንዱ ቢወሰድ ሌላው ይሸፍናል። በ2019 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት አለ። 16 ወጣቶች ላይ 59 የነርቭ ዝውውር ተሠርቶ፣ አብዛኞቹ ክርናቸውን መዘርጋት፣ እጃቸውን መክፈትና መቆንጠጥ ችለዋል። ሁሉም ግን አልተሳካም፣ አራት ዝውውሮች ከሽፈዋል። ጥናቱ የተቀበላቸው ከተጎዱ 18 ወር ያልሞላቸውን ነው።

ጊዜው ለምን ያስፈልጋል? ጉዳቱ ራሱ ያረፈበት ቦታ ላይ ያሉት የጡንቻ ነርቮች ከሞቱ፣ ጡንቻው ያለ ነርቭ ይከሳል። ከዓመት ከዓመት ተኩል በኋላ ነርቭ ቢደርሰውም አይቀበልም። ከጉዳቱ በታች ያሉት ግን ሽቦአቸው ከታች በኩል ደህና ስለሆነ ረዘም ያለ ጊዜ አላቸው። የወንድምሽ የትኞቹ እንደሆኑ በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ይታወቃል። ነርቩን ሲነኩት ጡንቻው ብልጭ ካለ ሽቦው አለ።

እለምንሻለሁ፣ በዚህ ሳምንት የእጅ ቀዶ ሐኪም ጠይቁ። ለወንድምሽ እየተዘጋ ያለው በር ይህ ነው።

ዘጠኝ ዓመት በዊልቸር፦

እኔ ይህን የሰማሁት በአራተኛ ዓመቴ ነው። በጅማት ዝውውር፣ የሚሠራ ጡንቻ ጅማት ወደማይሠራው አዙረው፣ አንድ እጄን አስተካክለውልኛል፣ እሱ ጊዜ አይገድበውም። ነርቩ ግን አልፎብኝ ነበር። ሂዱ።

ጠያቂው፦

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሳችሁ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ነገርስ?

ፊዚዮ ባለሙያ፦

እሱም አለ። አንገት ላይ ተለጥፎ ህብለ ሰረሰሩን የሚያነቃቃ መሣሪያ 60 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2024 ውጤቱ ወጣ። ከልምምድ ጋር ሲሰጥ 72 ከመቶው በእጅ ጉልበትም በእጅ ሥራም ተሻሽለዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ፈቅዳዋለች። ለዓመታት የቆየ ጉዳት ላይ መሥራቱ ነው ትልቁ ነገር። ክር አያሳድግም። የተረፈውን ቀጭን መንገድ ያጎላዋል። የወንድማችን ጉዳት ቢ ስለሆነ የተረፈ መንገድ ሊኖረው ይችላል፣ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ታናሽ እህት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ሳልጽፍ የቆየሁት ስንሯሯጥ ነው።

ክሊኒኩ ጥያቄዎቹን አልመለሰም። «የዋጋ ቅናሽ አድርገንላችኋል» ብሎ ጻፈ። ዘጋሁት።

ማፍታታቱን በተነገረኝ መንገድ ቀየርኩ። የመጀመሪያ ቀን ፊዚዮ እንዳሉት አንጓውን አነሳ። ጣቶቹ ታጠፉ። ቀስ ብለው፣ አንድ ላይ። ዓመት ሙሉ እጁን ይዤው አላየሁትም። ፎጣውን አጥፌ መሃላቸው አስገባሁለት፣ አንጓውን ሲያነሳ ያዘው። ሁለቴ ወደቀ። በሦስተኛው ግንባሩ ደረሰ።

የእጅ ሐኪሟ አየችው። በኤሌክትሪክ ስትነካው ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ብልጭ አሉ። ክርን የሚዘረጋው በቀኝ በኩል ደከም ብሏል፣ እሱን ስትሞክር ፊቷ ተለወጠ። «መጥታችሁ ጥሩ አደረጋችሁ» አለች። ውጤቱ የሚታየው ቶሎ እንዳልሆነ፣ ነርቩ እያደገ ወራት እንደሚፈጅ፣ ሁለት ዓመትም ሊሄድ እንደሚችል ነግራናለች። ቀሪውን እሱ ራሱ ልጻፍ ብሏል።

ወንድምየው፦

ሰላም። በድምፅ ነው የማስጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ሴልና ጂን፣ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቪዲዮውን አሁንም አያለሁ። ከገለጽክልን በኋላ ሌላ ነገር ነው የማየው። አይጧ ስትነሳ ክሩ አድራሻውን አገኘ እላለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው። አሁን የነርቭ ዝውውር ባደርግ፣ ነገ የጂን ሕክምናው ለሰው ሲመጣ ሙከራው ውስጥ አያስገቡኝም ይሆን?

ሴልና ጂን፦

እውነቱን ልንገርህ። ላያስገቡህ ይችላሉ። የእጅ ጉልበት የሚለካ ሙከራ ከሆነ፣ ያገኘኸው ጉልበት ከጂኑ ይሁን ከቀዶ ሕክምናው ለመለየት ስለሚከብድ፣ እንዳንተ ያለውን ሊያልፉት ይችላሉ። ሁሉም እንደዚያ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፣ እያንዳንዱ ሙከራ የራሱ መስፈርት አለው። ሐኪሟንም ይህንኑ ጠይቃት። የትኛው ነርቭ እንደተወሰደና የት እንደተሰፋ የሚገልጸውን ሰነድ ተቀብለህ አስቀምጥ። ወደፊት ማንም ሐኪም የሚጠይቅህ እሱን ነው።

እኔ የምሠራው ነገር መቼ ለሰው እንደሚደርስ ቀን ልቆርጥልህ አልችልም። የጡንቻህ ቀን ግን ተቆርጧል።

ወንድምየው፦

ገባኝ። ጠይቄያት ነበር፣ እሷም እንዳንተው ነው ያለችኝ። አስቤበታለሁ። ሐሙስ እገባለሁ። መጀመሪያ ቀኙን።

የልጅ እናት፦

ልጄ፣ ሐሙስ በጸሎቴ ነህ። ሰነዱን እንዳትረሳ።

ፊዚዮ ባለሙያ፦

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጅህ መቼ መነካት እንደሚጀምር ከሐኪሟ በጽሑፍ ተቀበሉ። እስከዚያ ግራውን ማፍታታት አታቋርጡ፣ አንጓው ታጥፎ።